ያነክስ የነበረው ሐኪም

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ወልቂጤ ውስጥ አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጇን አዝላ ወደምሠራበት የፊዚዮቴራፒ ክፍል መጣች። ልጁ ሴሬብራል ፓልሲ አለበት። ይህም ከመወለድ በፊት፣ በምጥ ሰዓት ወይም ከተወለዱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ጊዜያት አንጎል ላይ ከሚደርስ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። አይቆምም፤ ሳይደገፍም አይቀመጥም። ሰው ሲገባ ግን ቀና ብሎ ይስቃል። እናቱ የመጣችው መቼ ይራመዳል ብላ ለመጠየቅ አልነበረም። ገላው ሲታጠብና ሱሪ ሲለብስ፣ ጭኖቹን ከፈት ሲያደርጉበት ይጮሃል። ቤተሰቡ አመሉ ነው ይላል፤ እሷ ግን አልተዋጠላትም። ስመረምረው የግራ ጭኑ እንደ ቀኙ አልከፈት አለኝ። ይህ መገጣጠሚያ ሲወለድም እንዲህ ነበር ወይ ስትል ጠየቀችኝ።

አልነበረም። የመልሱን ግማሽ ከ160 ዓመታት በላይ አስቀድሞ የሰጠው ራሱ ሲያነክስ ያደገ አንድ የለንደን ሐኪም ነው። በዛሬው ዓምዳችን የእሱን ሕይወት እንቃኛለን፤ የቀረውን ግማሽ መልስም እንመለስበታለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዊልያም ጆን ሊትል የተወለደው በ1810 ነው። በእኛ አገር ዘመነ መሳፍንት ነበር። ወላጆቹ በምሥራቅ ለንደን ኦልድጌት በሚባለው ሰፈር የእንግዳ ማረፊያ ነበራቸው። ገና በሕፃንነቱ ልምሻ፣ ማለትም ፖሊዮ ያዘው። ከሞት ቢተርፍም ግራ እግሩ ሰልሎ ወደ ውስጥ ተቆለመመ። ትምህርት ቤት ሲገባ ጓደኞቹ በሚያነክስ ዳክዬ እየመሰሉ ያሾፉበት ነበር። ፈረንሳይ አገር ሄዶ በመማሩ ፈረንሳይኛ አወቀ፤ ይህ ቋንቋ በኋላ ለእግሩ መዳኛ መንገድ እንደሚያሳየው ያኔ የሚያውቅ አልነበረም።

በአሥራዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ከመድኃኒት ቀማሚ ዘንድ በተለማማጅነት ገባ፤ ከዚያም በለንደን ሆስፒታል ተምሮ በ1832 የቀዶ ሐኪምነት ፈቃድ አገኘ። ሕክምና የመረጠው ስለ እግሩ ሲል እንደነበር ይነገራል። የዘመኑ ሐኪሞች ለቆልማማ እግር የነበራቸው መፍትሔ ከብረት መደገፊያና ከልዩ ጫማ አያልፍም ነበር። እሱ ግን አንድ ነገር አንብቧል። ዴልፔሽ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1816 የተረከዝን ጅማት ቆርጦ እግር ለማቃናት ሞክሯል። ቁስሉ ስላመረቀዘ ዴልፔሽ ሥራውን ሳይደግመው ቀረ። ከዓመታት በኋላ ግን በጀርመን ሃኖቨር ከተማ ስትሮማየር የተባለ ሐኪም ሌላ ዘዴ አመጣ። ቆዳን በሰፊው ከመክፈት ይልቅ ትንሽ ቀዳዳ አበጅቶ፣ በቀጭን ቢላ ጅማቱን ከቆዳ ሥር መቁረጥ ነው። ቀዳዳዋ ጠባብ በመሆኗ ቁስሉ ብዙም አይመረቅዝም።

ሊትል ወደ አውሮፓ ተሻገረና በመጨረሻ ሃኖቨር ደረሰ። በ1836 ሰኔ ወር መጀመሪያ ላይ ስትሮማየር የግራ እግሩን ጅማት ቆረጠለት። ማደንዘዣ በቀዶ ሕክምና ላይ መዋል የጀመረው ከዚያ 10 ዓመት ቆይቶ ስለሆነ፣ የ25 ዓመቱ ወጣት ሁሉንም እየተሰማው ነው ያለፈው። አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምሻው ግን ቆረጣውን ሳይሆን ከቆረጣው በኋላ የሆነውን ነው። እግሩ በአንድ ቀን ተጎትቶ አልቀናም። ልዩ መሣሪያ ተገጥሞለት በየቀኑ ጥቂት በጥቂት፣ በሳምንታት ውስጥ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሊትል ሃኖቨር ቆይቶ ዘዴውን ራሱ ተማረ። ከዚያ በርሊን ገባ። በዚያ ዲፈንባኽ የሚባል ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም በዚህ ሕክምና አያምንም ነበር፤ የሊትልን የቀና እግር በዓይኑ ካየ በኋላ ግን ሐሳቡን ቀይሮ እሱም በሽተኞቹን በዚሁ መንገድ ማከም ጀመረ። ሊትል በ1837 በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ስለ ቆልማማ እግር ጽፎ የዶክትሬት ማዕረጉን ያዘ። በዚያው ዓመት ለንደን ተመልሶ ከቆዳ ሥር ጅማት የመቁረጡን ሕክምና ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግሊዝ አገር ፈጸመ። ብዙም ሳይቆይ የእጅና የእግር መጣመም ላለባቸው ድሆች ብቻ የሚሆን የሕክምና ቤት አቋቋመ፤ በኋላ የንጉሣዊ ኦርቶፔዲክ ሆስፒታል የተባለው ነው። ወንድ ልጅ ሲወለድለትም ሉዊስ ስትሮማየር ብሎ በሐኪሙ ስም ጠራው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ሊትል የአንድ ቀዶ ሕክምና አስተዋዋቂ ተብሎ ይታወስ ነበር። ነገር ግን ወደ ሕክምና ቤቱ ከሚመጡት ልጆች መካከል እንደ እሱ ያልሆኑ ነበሩበት። የእሱ እግር በልምሻ የሰለለ ነው። የእነዚህ ልጆች እግር ግን ከመስለል ይልቅ ይገተራል። ጉልበታቸው ይታጠፋል፣ ጭናቸው ወደ ውስጥ ይጣበቃል፣ ለማቆም ሲሞከር እግሮቻቸው እንደ መቀስ ይቆላለፋሉ፣ በጣቶቻቸው ጫፍ ብቻ መሬት ይነካሉ። በእኛም አገር እስካሁን ሁለቱንም በአንድነት ልምሻ የሚል ሰው ጥቂት አይደለም። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። በፖሊዮ የተጎዳው ጡንቻን የሚያዘው የኅብለ ሰረሰር ነርቭ ስለሆነ ጡንቻው ይዝላል። በሴሬብራል ፓልሲ የተጎዳው አንጎል ነው፤ ጡንቻው ዘና በል የሚለው ትእዛዝ በደንብ ስለማይደርሰው እንደተወጠረ ይቀራል።

ሊትል መጀመሪያ ማዳመጥ ጀመረ። እናቶችን ስለ ምጡና ስለ ወሊዱ እየጠየቀ መዘገበ። ልጁ ያለ ቀኑ ተወለደ ወይ? ምጡ ስንት ሰዓት ፈጀ? ሲወለድ አለቀሰ ወይስ ሰማያዊ ሆኖ ዝም አለ? ይህን ለ20 ዓመታት ያህል ሲሰበስብ ከቆየ በኋላ በ1861፣ በእኛ ዘንድ ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዘመን፣ በለንደን የማኅፀን ሐኪሞች ማኅበር ፊት ቆሞ አቀረበው። ያኔ አዋላጅ ሐኪሞች በችግር ስለተወለደ ሕፃን የሚያውቁት ሁለት ውጤት ነበር፤ ወይ ይሞታል፣ ወይ ነፍስ ዘርቶ ደህና ይሆናል። ሊትል ሦስተኛ ውጤት እንዳለ አሳየ። ትንፋሽ አጥሮት የቆየ ሕፃን በሕይወት ተርፎ፣ ጉዳቱ ግን ከወራት በኋላ በእጅና በእግሩ መገተር ሊገለጥ ይችላል። ብዙዎቹ ልጆች አእምሯቸው ሙሉ እንደሆነም አብሮ ተናገረ። የሼክስፒርን ሪቻርድ ሣልሳዊን እንኳ ያለ ቀኑ ተወልዶ አካሉ ለተጣመመ ሰው ምሳሌ አድርጎ ማንሣቱ አድማጮቹን ሳያስገርም አልቀረም።

ስለዚህ ሦስተኛ ውጤት ሳነብ ቡታጅራ ትታወሰኛለች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዚያ አካባቢ በዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና በአንድ የከተማ ቀበሌ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትና ሞትን መመዝገብ ጀምረው ነበር። የአገራችን የጤና ጥናት ብዙ የተጠቀመበት ሥራ ነው። እኔ ግን በዚያው ዘመን በዚያው ከተማ ተወልዳ፣ ሳትሞት የቆየች አንዲት ልጅ ነበረችኝ።

የአክስቴ ልጅ ናት። እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ ቢሆንም እንደ ማንኛውም የጉራጌ ቤተሰብ ለመስቀል አገር ቤት እንገባ ነበር። እሷ ሁልጊዜ ከምድጃው ፈንጠር ብሎ በተነጠፈ ቁርበት ላይ ትተኛለች። መናገር አትችልም፤ ነገር ግን የምነግራትን ትረዳለች። ለዚህ ማስረጃዬ ውሸት ስጨምርበት ከሁሉም ቀድማ መሳቋ ነው። እሷ አምስት ዓመቷ ሳለ እግሮቿ መቆላለፍ ጀምረው ነበር። በሰባት ዓመቷ አያቴ እንደወትሮው ልታዝላት ጭኗን ስትከፍት ያሰማችው ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። አመሏ ከፋ ተባለ። ዐይን ነው ያለም ነበር። በመስቀል ማግስት ወጌሻ ተጠራ። እግሯ ተጎትቶ እንዲቀና አራት ሰው ያዛት፤ ትከሻዋን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ያዝ ተባልኩ፣ ያዝኩ። ዓይኖቿ እኔን ነበር የሚያዩት። ከዚያ በኋላ በግራ ጎኗ መተኛት አልቻለችም፤ ውሸት ስነግራትም አትስቅም ነበር። በአሥራ አራት ዓመቷ በሳንባ ምች ሞተች።

ወጌሻውን አልወቅስም። ስብራት በማሰር የተካነ፣ የተጠየቀውን ያደረገ ሰው ነው። ነገሩ የገባኝ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሦስተኛ ዓመት ላይ ስለ ሊትል ስማር ነው። የተወጠረ ጡንቻ በፍጥነት ሲጎትቱት አብዝቶ ይኮማተራል፤ ቀስ ብለው ሲለጥጡት ግን ይለቃል። ለዚህ ነው የሊትል እግር ጅማቱ ተቆርጦ እንኳ ሳምንታት የፈጀው። የማይቆም ልጅ አጥንት ደግሞ ስስ ስለሚሆን በጉልበት ሲጎተት ሊሰበር ይችላል። ሊትል ለእነዚህ ልጆች ያዘዘው በእጅ የሚሠራ ለስላሳ ማፍታታት፣ እንቅስቃሴና ደጋፊ መሣሪያ ነበር፤ ጅማት መቁረጥ ያስፈለገ እንደሆነም ከእነዚህ ጋር ተያይዞ ነው።

አሁን ወደ ቀረው ግማሽ መልስ እንሂድ። ሊትል የልጆቹ እግር የሚጣመመው ጡንቻው ሲወጠር እንደሆነ፣ የጡንቻው መወጠር ምንጭም አንጎል እንደሆነ አስተምሯል። የዳሌ መገጣጠሚያ ውስጥ ምን እንደሚሆን ግን በሕይወት ባለ ልጅ ላይ አላየም። ሊያይም አይችልም ነበር፤ እሱ የሞተው በ1894 ነው፣ ራጅ የተገኘው በ1895።

ራጅ ያሳየን ይህን ነው። ዳሌ እንደ ሙቀጫና ዘነዘና ነው። የጭን አጥንት ክብ ራስ በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ማቀፊያ ውስጥ ይገባል። ሕፃን ሲወለድ ማቀፊያው ገና ጥልቅ አይደለም፤ ልጁ ሲቆምና ሲራመድ የጭኑ ራስ እየተጫነው ይጎደጉዳል። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ሲወለድ ዳሌው አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ነገር ግን ልጁ አይቆምም፣ ስለዚህ ማቀፊያው አይጠልቅም። የውስጥ ጭን ጡንቻዎች ደግሞ ቀን ከሌት ወደ ውስጥ ስለሚስቡ የአጥንቱ ራስ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ወደ ውጭ ይንሸራተታል። የአንጎሉ ጉዳት እየጨመረ አይሄድም፤ የመገጣጠሚያው ግን ይጨምራል። አጥንት ሲያድግ የተወጠረው ጡንቻ እኩል ስለማያድግ፣ ልጁ በፍጥነት ቁመት በሚጨምርባቸው ዓመታት ነገሩ ይከፋል።

በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት ተሠርቶ በ2006 የታተመ ጥናት ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ሦስት ልጆች የአንዱ ዳሌ ከቦታው እንደሚንሸራተት አሳይቷል። በደንብ ከሚራመዱት መካከል የተንሸራተተበት የለም ማለት ይቻላል። ጭንቅላታቸውን እንኳ ማቅናት ከሚያቅታቸው ልጆች መካከል ግን ከአሥሩ ዘጠኙ ላይ ደርሷል። የሚያሳስበው መንሸራተቱ መጀመሪያ ላይ የማያም መሆኑ ነው። ልጁ ሲጮህ፣ ብዙ ጊዜ አጥንቱ ርቆ ሄዷል። በደቡብ ስዊድን ከ1994 ጀምሮ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ልጆች ሳያማቸው በየጊዜው በራጅ እንዲታዩ በመደረጉ፣ ሙሉ በሙሉ የወጣ ዳሌ እጅግ ብርቅ ሆኗል።

ስለዚህ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ሁለት ዓመት ሳይሞላው የዳሌ ራጅ ይነሣ። ተራ ራጅ ነው፤ ሌላ ውድ ምርመራ አይጠይቅም። የማይራመድ ከሆነ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ ይደገም። ጭኑ እንደ ቀድሞው አልከፈት ካለ፣ አንዱ እግር ከሌላው አጥሮ ከታየ፣ ወደ አንድ ጎን አጋድሎ መቀመጥ ከጀመረ፣ ወይም ሲታጠብና ሲገላበጥ ካለቀሰ ቀጠሮውን አትጠብቁ። መናገር የማይችል ልጅ ሕመሙን የሚነግራችሁ በአመሉ ነው።

ማዘልን በተመለከተ ብዙ እናቶች ጎጂ እንደሆነ አድርገው ያስባሉ፤ አንዳንዴም ከእኛው ከባለሙያዎች ነው የሰሙት። እግሮቹ በወገባችሁ ግራና ቀኝ ተከፍተው የሚታዘል ልጅ ግን ፈረስ እንደሚጋልብ ነው፤ ለዳሌው ይህን የሚያህል አቀማመጥ ጥቂት ነው። የሚጎዳው ሁለቱን እግሮች አጣብቆና አቅንቶ መጠቅለል፣ ቀኑን ሙሉም በአንድ ጎን ማስተኛት ነው። መሬት ሲቀመጥ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ በጭኖቹ መካከል አድርጉለት። የሰፈር አናጢ ከጣውላ የሚሠራው የመቆሚያ ድጋፍ፣ ባለሙያ ልኩን ካሳየው በኋላ፣ ልጁ በየቀኑ ለተወሰነ ጊዜ እንዲቆም ያስችለዋል። በጊዜ ከተደረሰበት የውስጥ ጭንን ጅማት ማላላት ብቻ ሊበቃ ይችላል፤ የሊትል ቀዶ ሕክምና የልጅ ልጅ ልትሉት ትችላላችሁ። ከዘገየ አጥንት መቁረጥና ማስተካከል ይጠይቃል። አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳና በኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል የልጆችን አጥንት የሚያክሙ ባለሙያዎች አሉ።

ሊትል ስለ ወሊድ ያለው ሁሉ ትክክል አልነበረም። በ1889 ካናዳዊው ሐኪም ኦስለር ስለዚህ ሕመም መጽሐፍ አሳተመ። በ1897 ደግሞ በኋላ በሥነ ልቦና የታወቀው ፍሮይድ ነገሩን ገለበጠው፤ አንዳንዴ ምጡ የከበደው ልጁ በማኅፀን ሳለ የተጎዳ ስለሆነ ሊሆን ይችላል አለ። ዛሬ ሁለቱም እንደሚያጋጥም እናውቃለን። ያለ ጊዜ መወለድ፣ አራስን የሚይዝ ከባድ የቢጫ ወፍ በሽታና ማጅራት ገትርም ምክንያት ይሆናሉ። ይህን የምጽፈው ለአማቶችና ለአማቾች ነው፤ እናቲቱ በምጥ ጊዜ ምን እንዳደረገች መመርመሩ ለልጁ ዳሌ የሚጨምርለት ነገር የለም።

ሊትል በስተርጅና ጆሮው ከብዶት ሥራውን ተወ። ኬንት በሚባለው የእንግሊዝ አውራጃ ተቀምጦ በ83 ዓመቱ አረፈ። ሙርሄድ የተባለው ልጁ የአባቱን ሙያ ይዞ የእንግሊዝ የአጥንት ሐኪሞች ማኅበር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኗል። በሽታው ራሱ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሊትል በሽታ ይባል ነበር።

የወልቂጤው ልጅ ራጅ ተነሣ። የግራ ጭኑ አጥንት ራስ ሲሶው ከማቀፊያው ወጥቷል፤ ሁለት ሦስተኛው ግን ገና ቦታው ላይ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚወስድ ሪፈር ጻፍንለት። እናቱ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ እስከ መናኸሪያው ልታዝለው ትችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። እግሮቹን ቀስ ብላ ከፍታ ከጀርባዋ አደረገችው፣ ነጠላዋን ከታፋው ሥር አሳልፋ አሰረች። አላለቀሰም። ቀጠሮው ለመጪው ወር 12 ቀን ነው።